ዝሆኑን ቀስ ብሎ መናገር

ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ ልትጠይቀኝ መጣች። በኦዲት ሥራ ላይ ከተሠማራች ገና ዓመት አልሞላትም። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ዝም ብላ ቆየችና፣ "ጋሼ፣ ሥራውን ከሀ ጀምሮ ያስተማረኝ ሰው የማይሆን ነገር ሲሠራ አየሁ። አስተማሪዬ ነውና ዝም ልበል?" አለችኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ኦዲተር የነበርኩ ሰው መልስ አጣሁ። ስለ በርበሬ ዋጋ አውርቼ ሸኘኋት። ይህ ደብዳቤ ለእርሷና ለእኩዮቿ ነው፤ በዚያ ቀን ያልመለስኩትን ነው የምጽፈው።

በ1979 ዓ.ም. ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከአለቃዬ ጋር ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ፣ ወደ አንድ የመንግሥት ድርጅት፣ ለንብረት ቆጠራ ወረድን። አለቃዬ አሁን በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። እርሳስ አያያዝ ሳይቀር ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። መጋዘን ስትገባ ቆጠራውን ከኋላ ጀምር ይሉኝ ነበር፤ "ከፊት የተደረደረው ለአንተ ተብሎ የተደረደረ ነው።" ይህን ምክር እስከ ጡረታዬ ድረስ ሠርቼበታለሁ።

የመኪና ጎማ ነበር የምቆጥረው። ካርዱ 412 ይላል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ያገኘሁት 371 ነው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሸምገል ያሉ፣ ካፖርታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ መሰላል ይዘውልኛል። በሦስተኛው ቀን መሳቢያቸውን ከፍተው በላስቲክ የታሰረ የሞዴል 22፣ የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ፣ ጥራዝ ሰጡኝ። ጎማዎቹ የወጡት በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ነው፤ ፊርማው አለ፤ የተረካቢው ቦታ ግን ባዶ ነው። "ልጄ፣ ያለ እነዚህ ወረቀቶች እኔ ሌባ ነኝ" አሉኝ።

ወረቀቶቹን ለአለቃዬ ወሰድኩላቸው። አንድ በአንድ ገልጠው አዩና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷቸው። ሥራ አስኪያጁ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ማታ ነው፤ ሆቴል ጋብዞን። ጥብሱ እየተንጫጫ መጣ። አለቃዬ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ "አንተ ቆጣሪ ነህ። የቆጠርከውን ብቻ ጻፍ" አሉኝ። ጻፍኩ። "አርባ አንድ ጎማ ጎድሎ ተገኝቷል።" ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ አንዲት ፊደል የለችም። ፈረምኩ። ሽማግሌው ከሥራ ተባረሩ፤ ዕዳው በእርሳቸው ላይ ወደቀ፤ መታሰራቸውንም ከአንድ ሾፌር ሰማሁ። ለምን ያህል ጊዜ ታሰሩ ብዬ አልጠየቅሁም።

በ1981 በአለቃዬ የድጋፍ ደብዳቤ ሕንድ አገር፣ ቻንዲጋር፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ተላክሁ።

ያከራዩኝ ሰው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ልክ በዚያ መስከረም የሕንድ ቴሌቪዥን ማሃባራታን፣ የሂንዱዎችን ጥንታዊ የጦርነት ታሪክ፣ በተከታታይ ማሳየት ጀመረ። እሑድ ጠዋት ከተማው ጭር ይላል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላል፤ ሴቶች ተጣጥበው፣ ቤተ መቅደስ እንደሚሄዱ ሆነው ይመጣሉ። ሻይ በወተት አፍልተው ለእኔም ይሰጡኛል። (እንደ እነርሱ ሻይ የሚያፈላ ሕዝብ አላየሁም፤ አገሬ ተመልሼ ለማፍላት ሞክሬ ባለቤቴ ሾርባ ነው ብላኛለች።)

በ1982 ታሪኩ ጦርነቱ የሚካሄድበት ኩሩክሼትራ ደረሰ፤ ከዴልሂ በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ በአውቶቡስ የማልፈው ቦታ ነው። ባጋቫድ ጊታ የሚባለው እዚያ፣ በሁለት ጦር መካከል የተነገረው ንግግር ነው፤ አሥራ ስምንት ምዕራፍ፣ 700 ያህል ስንኝ። ቀስተኛው አርጁና ከወዲያ ማዶ ያሳደጉትን አያት ቢሽማን፣ ቀስት ያስተማረውንም ድሮናን ያያል። አፉ ይደርቃል፣ ገላው ይንቀጠቀጣል፣ ቀስቱ ከእጁ ይንሸራተታል። እነዚህን የከበሩ መምህራን ከምገድል ለምኜ ብበላ ይሻለኛል ይላል። ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና ደግሞ ይህ የልብ ድካም ነው፣ ተነሥ ይለዋል።

እኔ ለአርጁና አዘንኩ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ደካማ ይባላል አልኩና አከራዬን ተከራከርኳቸው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አርጁና መምህሩን ላለመንካት ለመለመን ቆርጧል። እኔ መምህሬን ባለመንካቴ ያገኘሁት ስኮላርሺፕ ነው። ስፈርም አፌ እንኳ አልደረቀም፤ ጥብሱን ጨርሻለሁ።

ከሳምንታት በኋላ የድሮና ሞት መጣ። ድሮናን በጦር የሚችለው ጠፋ። ስለዚህ አሽዋታማ የሚባል ዝሆን ተገደለና ልጅህ አሽዋታማ ሞተ ተባለ። ድሮና እውነቱን ለማወቅ ዋሽቶ የማያውቀውን የአርጁናን ታላቅ ወንድም ዩዲሽቲራን ይጠይቃል። እርሱም "አሽዋታማ ሞቷል" ብሎ "ዝሆኑ" የሚለውን በማይሰማ ድምፅ ጨመረበት። ከዚያ በፊት የዩዲሽቲራ ሠረገላ ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ያን ጊዜ መሬት ነካ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ሞዴል 22 ነው የታየኝ። የእኔም ዝሆን ቦርሳ ውስጥ ነበር።

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ሃይማኖት ልስብካችሁ አይደለም። ደግሞም ጊታ እንደሚያነበው ሰው ነው። ጋንዲ በየቀኑ የሚመራበት መጽሐፍ ነበር፤ ጋንዲን የገደለውም ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ይህንኑ ጊታ ጠቅሷል። እናንተ ደግሞ በስልካችሁ ከፀሐይ መጥለቂያ ሥዕል ጋር የምትለዋወጡት ቃል አለ፤ "ሥልጣንህ በሥራህ ላይ ነው፣ በፍሬው ላይ አይደለም።" መልካም። ግን ስንኙ እዚያ አያበቃም። ሥራን በመተውም አትጣበቅ ይላል። ግማሹን ቆርጦ መላክ የዘመናችሁ አመል ነው ልል ነበር፤ ለካ በ1979 ቆርጬ የላክሁት እኔ ነኝ።

አከራዬ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚወዱት ሌላ ቦታ ነበር። ጊታው እንዳለቀ፣ ጦርነቱ ሳይጀመር፣ ያው ዩዲሽቲራ ጥሩሩን አውልቆ፣ መሣሪያውን ጥሎ በእግሩ ወደ ጠላት ሰፈር ይሄዳል። ወንድሞቹ እጁን ሊሰጥ ነው ብለው ይደነግጣሉ። እርሱ ግን የቢሽማንና የድሮናን እግር ነክቶ ልወጋችሁ ነውና ፍቀዱልኝ ይላል። እነርሱም ይመርቁታል፤ ባትመጣ እንረግምህ ነበር ይሉታል፤ እኛ በገንዘብ ታስረን ነው በዚህ ወገን የቆምነው ብለውም ይናዘዙለታል። እኛ አገር ይሉኝታ የምንለው ነገር ሰውን እግር ላይ እንዲወድቅ ያስተምራል፤ ከወደቁ በኋላ ተነሥቶ መቆምን ግን ማንም አላስተማረኝም። አለቃዬ ቢሮ ገብቼ፣ እጃቸውን ስሜ፣ ወረቀቶቹን መልሱልኝ ማለት እችል ነበር። ምናልባት ይሰጡኝ ነበር። ይህን "ምናልባት" ነው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት። ለቅሷቸው ላይ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ።

ሽማግሌውን አልፈለግኋቸውም። ፈልጌ ነበር ብል ውሸት ነው፤ አንድ ቀን በዚያ ከተማ ሳልፍ መኪናዬ ቆሞ ነዳጅ ሲቀዳ ወርጄ እንኳ አልጠየቅሁም።

ለወንድሜ ልጅ ባለፈው እሑድ ደወልኩላትና ይህን ሁሉ ነገርኳት። ክሪሽና ያን ሁሉ ተናግሮ በመጨረሻ አርጁናን፣ ሁሉንም መርምረህ እንደ ፈቀድህ አድርግ ብሎታል፤ እኔም ከዚያ በላይ አልልሽም አልኳት። ወዲያው ግን አላስቻለኝም፤ የወረቀቶቹን ቅጂ ቤት አስቀምጪ፣ ቀኑን ጻፊበት፣ ለሁለት ሰው አሳውቂ አልኩ። ፍሬውን አታስቢ እያልኩ ስለ ፍሬው ስመክራት አከራዬ ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር።

ትናንት ማታ መልሳ ደወለች። ሰኞ ማለዳ፣ ሰው ሳይገባ፣ አለቃዋ ቢሮ ልትሄድ ነው። ሪፖርቱን ያለ ወረቀቶቹ እንደማትፈርም ትነግረዋለች። "መጀመሪያ ግን" አለችኝ፣ "እርሱ የሚወደው ቡና ከታች ካለው ቤት ነው፤ ገዝቼለት እገባለሁ።"