ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ይባረራል?

ጥያቄ፦ በ2021 መጨረሻ በዲቪ አሜሪካ የገባሁ ሲሆን የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለፈው ወር ከሠርግ ስመለስ ፖሊስ አስቆመኝና ጣቢያ ወስዶ ትንፋሼን ሲለካው 0.11 ሆነ። ከዚህ በፊት ተከስሼ አላውቅም፤ አደጋም አላደረስኩም። የቆመልኝ ጠበቃ «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ጨርሰው፤ እስር አያመጣብህም» ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ «ካመንክ ትባረራለህ» ብለው እንቅልፍ ነሥተውኛል። አምስት ዓመት ሲሞላኝ ለዜግነት ላመለክት አስቤ ነበር፤ አዲስ አበባ ላለችው ባለቤቴም ማመልከቻ አስገብቼላታለሁ። ለፋሲካ ልሄድ ቲኬት ቆርጫለሁ። የምተዳደረው በመተግበሪያ በሚጠራ ታክሲ ሥራ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ እንደ ነገሩን ከሆነ፣ ማለትም የመጀመሪያዎ ከሆነ፣ ሰው ካልተጎዳ፣ በመኪናው ውስጥ ሕፃን ካልነበረና ከአልኮል በቀር ሌላ ነገር ካልተነሣ፣ ይህ ክስ ብቻውን ግሪን ካርድዎን አያስነጥቅም። ጓደኞችዎ ተሳስተዋል። ጠበቃዎም ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት፤ ምክንያቱም «እስር የለውም» የሚለው መልስ ለወንጀል ችሎቱ እንጂ ለኢሚግሬሽን ጥያቄ አይሆንም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቋሚ ነዋሪን፣ ማለትም ግሪን ካርድ ያለውን ሰው፣ ከአገር የሚያስወጡ ወንጀሎችን በዝርዝር ሲያስቀምጥ ጠጥቶ ማሽከርከርን በስሙ አልጠራውም። በመሆኑም መንግሥት ነዋሪውን ለማስወጣት ከፈለገ ድርጊቱን ከሌላ ምድብ ሥር ማስገባት አለበት። በዚህ ረገድ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው ዋናው ጉዳይ በ2004 የታየው የሊኦካል ጉዳይ ነው። ሰውየው የሄይቲ ተወላጅና ቋሚ ነዋሪ ሲሆን በፍሎሪዳ ጠጥቶ ሲያሽከረክር በሰው ላይ ከባድ ጉዳት በማድረሱ ተፈርዶበት ነበር፤ መንግሥትም ድርጊቱ «የኃይል ወንጀል» ነው ብሎ ከአገር እንዲወጣ አስደረገ። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የኃይል ወንጀል ሊባል አይችልም አሉ። ውሳኔው የተሰጠው ግን ሰውየው ወደ ሄይቲ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ይህን የማነሣው በሕግ ትክክል መሆን ብቻውን ሁልጊዜ በጊዜው እንደማይደርስ እንዲያዩ ነው።

ሁለተኛው ምድብ የሥነ ምግባር ዝቅጠት ያለበት ወንጀል የሚባለው ነው። አንድ ሰው አሜሪካ በገባ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ወንጀል ከፈጸመና ወንጀሉ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። እርስዎ ገና በዚያ አምስት ዓመት ውስጥ ስለ ሆኑ ይህ በቀጥታ ይመለከትዎታል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ተራ ጠጥቶ ማሽከርከር በዚህ ምድብ አይወድቅም ሲል በ2001 ወስኗል፤ መደጋገሙ እንኳ በራሱ አይለውጠውም ብሏል። ይሁንና ይኸው ቦርድ ከዚያ በፊት በ1999፣ መንጃ ፈቃዱ መታገዱን እያወቀ ጠጥቶ ያሽከረከረ ሰው ጉዳይ በምድቡ ውስጥ ይገባል ብሎ ነበር። ይህን ልብ ይበሉ፤ ከተፈረደብዎ በኋላ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት መንጃ ፈቃድዎን ማገዱ አይቀርም። በዚያ እገዳ ውስጥ እያሉ እንደገና ጠጥተው መሪ ቢይዙ፣ ያው የሚመስለው ድርጊት በኢሚግሬሽን ዓይን ፈጽሞ ሌላ ነገር ይሆናል።

ይህን ክስ ከቀላልነት ወደ ከባድነት የሚያሻግሩት ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ ከእርስዎ ጥያቄ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው በእነዚህ ነው። አንደኛው ሕፃን ነው። ዕድሜው 17 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በመኪናው ውስጥ ከነበረ የቨርጂኒያ ሕግ ቢያንስ የአምስት ቀን እስርና ተጨማሪ የገንዘብ ቅጣት ያዝዛል። የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ በሕፃን ላይ የሚፈጸም በደልንና ቸልታን ራሱን የቻለ ከአገር የማስወጫ ምክንያት ስላደረገው፣ ዐቃቤ ሕጉ ሕፃንን ለአደጋ ማጋለጥ የሚል ክስ ከጨመረበት ጉዳዩ ይከብዳል። ሌላው አደንዛዥ ዕፅ ነው። የቨርጂኒያ ድንጋጌ በአልኮል ማሽከርከርንና በዕፅ ማሽከርከርን በአንድ አንቀጽ፣ በተለያዩ ንዑሳን ቍጥሮች ያስቀምጣል። ስለዚህ በፍርድ መዝገቡ ላይ ጥፋተኛ የተባሉት በየትኛው ንዑስ ቍጥር እንደ ሆነ በግልጽ መጻፉ ለእርስዎ ከገንዘብ ቅጣቱ ይልቅ ዋጋ አለው። ማሪዋና በቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለአዋቂ ሰው በትንሽ መጠን መያዝ የተፈቀደ ቢሆንም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ኢሚግሬሽንም የሚሠራው በፌዴራሉ ሕግ ነው። ጫትም እንደዚያው ነው። አገር ቤት በአደባባይ የሚሸጥ ስለ ሆነ ብዙዎቻችን እንደ ወንጀል አንቈጥረውም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ዝርዝር አንደኛ መደብ ውስጥ ያለ የተከለከለ ንጥረ ነገር ነው። ከመኪናዎ ጫት የተገኘ ከሆነ ለእኔ ባይጽፉትም ለጠበቃዎ መንገር ነበረብዎት፤ አሁንም አልዘገየም።

አሁን ወደ ቃል አሰጣጡ ልምጣ። ጠበቃዎ ያለዎትን ከማድረግዎ በፊት አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ክሱን፣ የዐቃቤ ሕጉን የድርድር ሐሳብና ሊሰጥ የታሰበውን ፍርድ በጽሑፍ አይቶ አስተያየት ይስጥበት። ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲላ ጉዳይ፣ የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ ደንበኛው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመኑ በኢሚግሬሽን ረገድ የሚያስከትልበትን አደጋ ሊነግረው ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ አለበት ብሏል። ባለ ጉዳዩ ከ40 ዓመት በላይ በአሜሪካ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት የተሰለፈ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ጠበቃው «ብዙ ዘመን ስለ ኖርክ አትጨነቅ» ብሎት አምኖ ነው ጉድ የሆነው። ስለዚህ ጠበቃዎን ስለ ኢሚግሬሽን ውጤቱ በግልጽ ይጠይቁት፤ ራሱ ካላወቀው ከሚያውቅ ጋር መመካከር የእርሱ ሥራ ነው። በችሎት አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም መብትዎ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው እንኳ የፍርድ ቤት እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ራሱን ነቅንቆ ያልገባውን ነገር ሲቀበል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በድርድር የሚሰጥ ሐሳብ ሲገመገም አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይፈጸማል። በሌሎች ግዛቶች ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ፍርዱ እንዲቆይለት፣ ትምህርቱን ሲጨርስም ክሱ እንዲሰረዝለት የሚደረግበት አሠራር አለ፤ ሰውም «መዝገቤ ጠራ» ብሎ ይሄዳል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ሰውየው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም የነጻነት ገደብ ከጣለበት፣ በኋላ ቢሰረዝለትም ባይሰረዝለትም ተፈርዶበታል ብሎ ይቈጥረዋል። በእርስዎ ጉዳይ ክሱ ወደ አደገኛ አነዳድ ዝቅ እንዲል መደራደር ይቻላል፤ በአብዛኛው ከጠጥቶ ማሽከርከር የተሻለ ነው፤ ቢሆንም በቨርጂኒያ ይህም ራሱ የትራፊክ መቀጫ ሳይሆን ወንጀል ነው።

ስለ ቨርጂኒያ ቅጣት አጠር አድርጌ ልግለጽ። የመጀመሪያው ጥፋት እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር የሚያስቀጣ ሲሆን የገንዘቡ ቅጣት ከ250 ዶላር አያንስም። በመጀመሪያ ጥፋት ግዴታ የሆነ የእስር ቀን የሚመጣው ልኬቱ 0.15 ሲደርስ ስለ ሆነ፣ በ0.11 ጠበቃዎ «እስር የለውም» ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው። መንጃ ፈቃድ ለ12 ወር ይታገዳል፤ ዳኛው ለሥራና ለመሰል ጉዳዮች የተገደበ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ የአልኮል ትምህርት መከታተልና ትንፋሽ ሳይለካ ሞተር የማያስነሣ መሣሪያ ቢያንስ ለስድስት ወር ማስገጠምም ይኖራል። የታክሲ ሥራዎን በተመለከተ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም፤ ኩባንያዎቹ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ፍርድ ያለበትን ሾፌር ያሰናብታሉ። ወደ ከባድ መኪና ሥራ ለመዞር ካሰቡም፣ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በግል መኪናው ጠጥቶ ቢያዝ እንኳ የንግድ ፈቃዱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓመት እንደሚታገድ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ለዕድሜ ልክ እንደሚታገድ ይወቁ። ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት በሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከተፈረደብዎ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ሰርኪዩት ኮርት ወደሚባለው ከፍ ያለ ፍርድ ቤት ይግባኝ ብለው ጉዳዩ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ እንዲታይ ማድረግ ይችላሉ። አሥሩ ቀን ካለፈ በሩ ይዘጋል።

ዜግነቱ ላይ ግን መታገሥ ይኖርብዎታል። አመልካቹ ባለፉት አምስት ዓመታት መልካም ሥነ ምግባር እንደ ነበረው ማስረዳት አለበት። አንድ ጊዜ ጠጥቶ ማሽከርከር በራሱ ይህን አያፈርስም። በ2019 የፍትሕ ሚኒስትሩ በካስቲዮ-ፔሬዝ ጉዳይ በሰጡት ውሳኔ ግን በሚመለከተው ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል፤ ግምቱን የማፍረሱ ሸክም በአመልካቹ ላይ ነው። የዜግነት መሥሪያ ቤቱም ይህንኑ መመሪያው አድርጎታል። ለእርስዎ ቅርብ የሆነው እንቅፋት ሌላ ነው፦ ደንቡ አመልካቹ በአመክሮ ላይ ወይም በገደብ በተያዘ ቅጣት ውስጥ እያለ ማመልከቻው እንዳይጸድቅ ይከለክላል። ዳኛው ለምሳሌ 30 ቀን ፈርዶ በሙሉ ለአንድ ዓመት በገደብ ቢይዘው፣ አንድም ቀን ሳይታሰሩ ዓመቱን ሙሉ ዜግነት አያገኙም። ስለዚህ የገደቡ ርዝመት በድርድሩ ውስጥ መነሣት ያለበት ነገር ነው፤ የወንጀል ጠበቆች ግን ለተከሳሹ ምንም የማያስከፍል ስለሚመስላቸው ያልፉታል። ሲያመለክቱም ኤን-400 በሚባለው ቅጽ ላይ መያዝዎንም መከሰስዎንም ይጻፉ፤ የጣት አሻራዎ ስለሚነግራቸው መደበቁ ቀላሉን ጥፋት ወደ ሐሰተኛ ቃል ይለውጠዋል። ሐሰተኛ ቃል ደግሞ በራሱ መልካም ሥነ ምግባርን ያሳጣል።

የባለቤትዎን ማመልከቻ በተመለከተ፣ ይህ ክስ ቤተሰብ የማምጣት መብትዎን አይነካም። በሁለት መንገድ ግን በተዘዋዋሪ ይደርስባታል። ዜጋ ሲሆኑ የቋሚ ነዋሪ ሚስት ከምትጠብቀው ተራ ትወጣ ነበር፤ ዜግነትዎ ሲዘገይ የእርሷም ይዘገያል። በተጨማሪም ለእርሷ ለሚፈርሙት የድጋፍ ቃል ኪዳን ገቢዎ ከፌዴራሉ የድህነት መስፈርት 125 በመቶ በታች እንዳይሆን ይጠበቃል፤ ሥራዎን ካጡ ሌላ ዋስ ይፈልጉ።

ይህን የምታነቡ በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ነገር ከዚህ የከፋ ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጠጥቶ በማሽከርከር ለተያዘ ተማሪ ወይም ጎብኚ ገና ሳይፈረድበት ቪዛውን ሊሰርዝ ይችላል፤ አዲስ ቪዛ ሲጠየቅም የኤምባሲው ሐኪም ምርመራ ይታዘዛል። ጊዜያዊ ጥበቃ (ቲፒኤስ) ያለው ሰው በሁለት ቀላል ወንጀሎች ከፕሮግራሙ ይወጣል። ወረቀት የሌለው ሰው ሌላውን በከባድ ሁኔታ ጎድቶ ከተያዘ በ2025 መጀመሪያ የወጣው የላይከን ራይሊ ሕግ ያለ ዋስ እንዲታሰር ያዝዛል።

የፋሲካውን ጉዞ በተመለከተ የምመክርዎ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሳያልቅ እንዳይወጡ ነው። ቀጠሮ ቢያመልጥዎ የመያዣ ትእዛዝ ይወጣል፤ በገደብ ላይ ከሆኑም ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልግ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ዘመድ ለመጠየቅ በመኪና ወደ ካናዳ መሄድንም ለጊዜው ይርሱት፤ ካናዳ ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ጠጥቶ ማሽከርከርን እስከ አሥር ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ስላደረገችው አንድ ፍርድ ብቻ ከድንበር ሊያስመልስዎ ይችላል። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ አዲስ አበባ ሲሄዱ ግን በፍርድ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ የፍርድ ግልባጭና ቅጣቱን መፈጸምዎን የሚያሳይ ወረቀት በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ። ሲመለሱ በአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሌላ ክፍል ተወስደው ሰዓታት ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ለሚጠየቁት በእውነት ይመልሱ። ግሪን ካርድዎን በፈቃድዎ እንደ መለሱ የሚያስቈጥረውን አይ-407 የተባለ ቅጽ ቢሰጡዎት ግን አይፈርሙ፤ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት መቅረብ እንደሚፈልጉ ብቻ ይናገሩ።