ርካሽ ምላጭ፣ ለስላሳ አገጭ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ሳምንት «ስለ ምላጭ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» አልኩ። እንዲህ ይዘንብብኛል ብዬ አላሰብኩም። ሐኪም አይደለሁም፣ ፀጉር አስተካካይም አይደለሁም። በባለሁለት አፍ ምላጭ ራሴን መላጨት ከጀመርኩ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ሃያ ዓይነት ምላጭ አለ። ባለቤቴ «ለምን ሱቅ አትከፍትበትም?» ትለኛለች።

ምላጭ ስል ያቺን በወረቀት የተጠቀለለች፣ ልጅ ሆነን እርሳስ የቀረጽንባትን ስስ ብረት ማለቴ ነው። መያዣ ስል ደግሞ ምላጩ የሚገባበትን፣ ጭንቅላቱ የሚፈታውን ባለእጀታ መላጫ ነው።

ጥያቄ፦ ሳትዞር ንገረን። ከርካሾቹ ምርጡ የትኛው ነው? አንድ ስም ብቻ።

አንድ ስም ብጠራ ዋሸኋችሁ። እኔን እንደ ቅቤ የሚያንሸራትተኝ ምላጭ ወንድሜን እንደ ድመት ይቧጭረዋል። አንድ እናት፣ አንድ አባት ነን፤ ጢማችን ግን ለየቅል ነው። የጢሙ ውፍረት፣ የቆዳው ስስነት፣ ምላጩ ከመያዣው ምን ያህል ብቅ እንደሚል፣ ሁሉም ይወስናል።

ከየት እንደምትጀምሩ ግን ልንገራችሁ። የቱርኩ ደርቢ ለዘብ ያለ ነው፤ ስስ ጢም ላለው ይመቻል፣ ወፍራም ጢም ላይ ግን ይጎትታል። በአረንጓዴ ጥቅል የሚመጣው አስትራ መሃል ላይ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያው ይረጋል፣ እኔም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ላይ ነኝ። የግብፁ ሎርድ ርካሽ ነው፣ ሥራውንም ይሠራል። የጃፓኑ ፌዘር በስለቱ የታወቀ ነው። እጁ ለለመደ ሰው ድንቅ ነው፣ ለጀማሪ ግን አልመክርም፤ ስህተት አይምርም።

ስለዚህ መቶ ፍሬ በአንዴ አትግዙ። ከሦስት ዓይነት አምስት አምስት ግዙ። ሳሙናውንም መያዣውንም ሳትቀይሩ እያንዳንዱን አንድ ሳምንት ሞክሩ። ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ጥያቄ፦ እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። ለአራት ፍሬ ባለአምስት ስለት መላጫ ሃያ ዶላር አካባቢ እከፍላለሁ። የምላጭ ርካሽነት እውነት ነው ወይስ ወሬ?

እውነት ነው። እዚያ መቶ ምላጭ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዶላር ባለው ታገኛለህ። አንዱን አራት ቀን ብትላጭበት፣ በየቀኑ የምትላጭ ከሆነ እንኳ ለዓመት የሚበቃህ ዘጠና ምናምን ነው። አንድ ፓኮ፣ አንድ ዓመት። መያዣውን አንዴ ትገዛለህ፤ ካልጣልከው ለልጅህ ይተርፋል።

ለምን ረከሰ ብትለኝ፣ ቅርጹ የማንም ስላልሆነ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ በ1903 እ.ኤ.አ. መሸጥ ሲጀምር በዓመቱ ውስጥ የተሸጠለት 51 መያዣና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መያዣው ብቻ ከ90 ሺህ በላይ ሄደ። የፈጠራ መብቱን የተቀበለው በዚያው በ1904 ነው፤ በ1921 ጊዜው አለቀ። ከዚያ በኋላ ብረት መሳል የቻለ ሁሉ ያመርተው ጀመር። ግብፅ፣ ቱርክ፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ኮሪያ፣ ሩሲያ። የየትኛውም አገር ምላጭ የየትኛውም አገር መያዣ ውስጥ ይገባል። አንተ የምትገዛው ባለአምስት ስለቱ ግን የሚገባው በራሱ እጀታ ላይ ብቻ ነው። እጀታውን አንዴ ከገዛህ ታስረሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ከሰፈር ሱቅ በነጠላ ነው የምገዛው። ደህናውን ከአስመሳዩ በምን ልለየው?

በነጠላ መግዛትህ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ለመሞከር ጥሩ ነው። ጥቅሉን እይ። ደህና ምላጭ ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ውስጡ ሰም የነካ ስስ ወረቀት ይኖራል። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ፊደሉ የተዛባ፣ ወረቀቱ ተከፍቶ የታጠፈ የሚመስል ከሆነ ተወው። ስትከፍተው የዝገት ነጥብ ካየህ ፊትህ አታድርሰው። ደግሞ ስሙን ብቻ አይተህ አትመን፤ አንድ ስም በተለያየ አገር ይሠራል። የት እንደተሠራ ጥቅሉ ላይ ታገኘዋለህ። ከባለሱቁ ጋር ከተግባባችሁ «ፓኮውን አሳየኝ» በለው።

ጥያቄ፦ በተላጨሁ በማግስቱ አንገቴ በሽፍታ ይሞላል። ምላጭ ቀየርኩ፣ ቅባት ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች። ምን ይሻለኛል?

ይህን ጥያቄ ከአሥር በላይ ሰው ጠይቆኛል፣ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

የእኛ ጢም ብዙ ጊዜ ጥቅልል ነው። ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ወይም ገና ሳይወጣ ከቆዳው ሥር ይጠመዘዛል። ሰውነት ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ ይቆጣል። ያ ሽፍታ ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ በአልኮል ብትጠርገው ያቃጥልሃል እንጂ አይፈታልህም።

ባለብዙ ስለት መላጫ ይህን ያባብሰዋል። የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ጎትቶ ያወጣዋል፣ ተከታዩ ይቆርጠዋል፣ የቀረው ጫፍ ከቆዳ በታች ይሰምጣል። መጀመሪያ ላይ ልስላሴው ያስደስታል፤ በሦስተኛው ቀን ዋጋህን ትከፍላለህ። አንድ ስለት ብቻ የሚነካህ ምላጭ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው።

ግን ምላጭ ብቻውን አያድንህም። ቆዳህን በጣትህ ወጥረህ አትላጭ። ጢምህ ወደየት እንደሚያድግ በእጅህ ዳስሰህ እወቅ። አንገት ላይ አንዳንዱ ወደ ጎን፣ አንዳንዱ ወደ ላይ ነው የሚበቅለው። ምላጩን በዚያው አቅጣጫ ንዳው፤ ወደ ተቃራኒው አትመልሰው። አንድ ዙር ይበቃል። በእጅህ ስትዳስሰው ትንሽ ሻካራ ከሆነ ይሁን፤ ከሩቅ ማን ያየዋል? እኔ አንገቴን እንደ ብርጭቆ ላድርግ ብዬ ሁለት ዓመት ደምቻለሁ።

አሁን በሽፍታ የተሞላ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለአንድ ወር ያህል አትላጭ። መጥቆሩ ከበዛ፣ ጠባሳ ከሆነ ወይም መግል ከያዘ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የእኔ መሳቢያ እዚያ ድረስ አይደርስም።

ጥያቄ፦ አንድ ምላጭ ስንት ጊዜ? አባቴ ወር ሙሉ ይጠቀሙበት ነበር።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባትህ ጠንካራ ሰው ነበሩ! እኔ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ይሄዳል። መጎተት ሲጀምር ጣለው እንጂ መቁረጥ እስኪያቆም አትጠብቅ። የደነዘ ምላጭ ከስሉ ይልቅ ያቆስላል፤ ምክንያቱም እጅህ ሳታስበው መጫን ይጀምራል። በየወሩ ከሚቀየር ውድ ምላጭ በአራት ቀኑ የሚጣል ርካሽ ምላጭ ይበልጣል።

ብረት ሆኖ ሳለ በፀጉር እንዴት ይበላሻል የሚል አይጠፋም። በ2020 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በማይክሮስኮፕ ስር አይተውት ነበር። ብረቱ ከፀጉሩ 50 እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ሆኖም ፀጉሩ ሲቆረጥ ጎንበስ ካለ፣ ብረቱም በዚያች ነጥብ ላይ ወጥ ካልሆነ፣ ከጠርዙ ትንሽ ፍንካች ይነሳል። ጢማችሁን በሙቅ ውሃ አርሱ የምንለውም ለዚህ ነው። ውሃ የጠጣ ፀጉር በቀላሉ ይቆረጣል።

ሌላ ነገር፦ ምላጩን በፎጣ አትጥረገው። ጠርዙ በስስ ሽፋን ተቀብቷል፤ ፎጣ ይገፈዋል። አለቅልቀህ፣ አራግፈህ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ እኔ ሁልጊዜ ራሴን እቆርጣለሁ። ምላጩ በዝቶብኝ ይሆን?

እጅህ ነው የበዛው። መያዣው የራሱ ክብደት አለው፤ አትጫነው። የመያዣውን አናት ጉንጭህ ላይ አሳርፍ፣ ከዚያ ምላጩ ፀጉሩን እስኪነካ ድረስ እጀታውን ቀስ እያደረግህ ዝቅ አድርግ። ከቆዳህ ጋር 30 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ትክክል ሲሆን ጥርት ያለ «ክርች ክርች» ትሰማለህ። ለዚህ ነው ስላጭ ሬዲዮ የማልከፍተው።

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት ምላጩን ለሁለት ሰብረው ነው የሚጠቀሙት። ችግር አለው?

መስበሩ ችግር የለውም፤ መያዣቸው ለግማሽ የተሠራ ነው። ዋናው አዲስ መሆኑ ነው። ወረቀቱ ዓይንህ እያየ ይከፈት። ማፈር የለም። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል፤ ደም ደግሞ በዓይን ባይታይም ሊኖር ይችላል። በአንድ ወቅት ሌላውን ግማሽ ለቀጣዩ ሰው ሊያስቀምጥ ሲል ያየሁት ልጅ ነበር። ያ እንኳ ንጹሕ ነው፤ ያልተነካ ግማሽ ነው። ከእኔ በፊት የነበረውን ሰው ግማሽ ለእኔ ሊያደርግ ሲል ግን ከወንበሩ ተነሳሁ፤ ግማሽ ጉንጬ እንደተላጨ።

በቤትም ያው ነው። ለወንድምም ቢሆን ምላጭ አይዋዋሱም።

ጥያቄ፦ እስራኤል ያለን ሰዎች ፐርሶና የሚባለውን ምላጭ በቅርብ እናገኛለን። ይበቃል?

ይበቃል እንጂ! እስራኤል ውስጥ የሚሠራውን ፐርሶና ሌላ አገር ያሉ ሰዎች እያፈላለጉ ነው የሚገዙት። ስል ነው፣ ግን ክፉ አይደለም። ለእኔም ሰው ሲመጣ አስልካለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የተከራየሁት የአሜሪካ ቤት የድሮ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ያለው የመስተዋት ቁም ሳጥን ውስጥ ቀጭን ቀዳዳ አገኘሁ። ለምላጭ ነው አሉኝ። እውነት ነው?

እውነት ነው አባቴ። የተጠቀሙበትን ምላጭ በዚያች ቀዳዳ ይከቱታል፣ ከግድግዳው ውስጥ ይወድቃል፣ አለቀ። ቤቱን የሚያድሱ ሠራተኞች ግድግዳ ሲያፈርሱ የዛገ የምላጭ ክምር ያገኛሉ። እርስዎ ግን አይጨምሩበት። የወተት ቆርቆሮ ይውሰዱ፣ ክዳኑን በቢላ ጫፍ ሰንጠቅ ያድርጉት፣ እዚያ ያጠራቅሙ። ሲሞላ በፕላስተር አሽገው ይጥሉታል። የእኔ ቆርቆሮ አምስት ዓመት አልፎት ገና አልሞላም። በፌስታል ብቻ መጣል ግን ቆሻሻ የሚሰበስበውን ሰው እጅ ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ አውሮፕላን ላይ?

ምላጩ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ ይቀሙሃል። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርገው። ባዶ መያዣው አሜሪካ ውስጥ ይፈቀዳል፤ ፈታሹ ግን ከፍቶ ሊያየው ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከንፈሩ ላይ ሦስት ፀጉር አበቀለና ምላጭ ግዢልኝ ይለኛል። አባቱ በሥራ ምክንያት ሩቅ ነው። ምን ልግዛለት?

ለዘብ ያለ፣ ምላጩ ብዙ ብቅ የማይልበት መያዣ፣ ደርቢ አምስት ፍሬ፣ አንድ የጢም ሳሙና፣ አንድ ብሩሽ። ከተላጩ በኋላ የሚቀቡትን ሽቶ የበዛበት ቅባት አትግዢለት፣ ቢለምንሽም። ሸብ የሚሉትን ድንጋይ መሰል ጨው ከገበያ ብታገኚ ትንሽ ያዢለት፤ ሲቆርጠው አርሶ ያሳርፍበታል፣ ደሙ ይቆማል። መጀመሪያ ምላጭ ሳይገባበት ባዶውን መያዣ በአረፋ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይለማመድ። ከዚያ ለአባቱ በቪዲዮ ይደውልና አባትየው እዚያ ሆኖ፣ ልጁ እዚህ ሆኖ አብረው ይላጩ። እንዳትስቂበት ብቻ፤ ሦስት ፀጉር ቢሆንም ለእሱ ጢም ነው።