ናሱ ስታኞ አልቀበል ሲል

የዛሬው ዐምዳችን ከድሬዳዋና ከሐረር በመጡ ደብዳቤዎች የተሞላ ነው። ጠያቂዎቹ የያዙት ሥራ ተቀራራቢ ነው፦ የሁለቱም ከተማ ሰው በታክሲነት የሚያውቃትን ፔጆ 404 በ1/24 መጠን መሥራትና ጣሪያዋ ላይ ከናስ በስታኞ፣ ማለትም በመበየጃ ቀልጦ በሚያጣብቅ የቆርቆሮ ቅይጥ፣ የተበየደ ፖርቶ መጋላ መጫን። እውነተኛዋ መኪና ርዝመቷ 4.45 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞዴሏ 18.5 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ፖርቶ መጋላው ደግሞ ከመዳፍ መሀል የሚያርፍ፣ ግን ከ14 በላይ ብየዳ ያለበት ሥራ ነው። ጀማሪ የሚቸገረውም እዚያ ላይ ነው።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

*ጤና ይስጥልኝ። ለፖርቶ መጋላ 1 ሚሊ ሜትር የናስ ሽቦ፣ 40 ዋት የኤሌክትሪክ መበየጃና 0.8 ሚሊ ሜትር ስታኞ ገዛሁ። ስታኞው ይቀልጣል፤ ናሱ ላይ ግን አይጣበቅም፤ ተድቦልቡሎ ይወድቃል። በዚሁ መበየጃ ሬዲዮ ስጠግን ምንም ችግር የለም። መበየጃው ነው ወይስ እጄ?*

እጅዎም መበየጃዎም ደህና ናቸው። ስታኞ ከናስ ላይ ተድቦልቡሎ የሚወድቀው ናሱ ስላልጸዳ ወይም ስላልጋለ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ሁለቱም ያሉ ይመስላል።

የሬዲዮ ዕቃዎች እግራቸው ከፋብሪካ ስታኞ ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ በስታኞው ሽቦ ሆድ ውስጥ ያለው ሙጫ ይበቃቸዋል። ናስ ግን መዳብና ዚንክ ነው። አየር ሲያገኘው የሚለብሰውን ስስ ሽፋን ያ ሙጫ በቀላሉ አይገፈውም። ስለዚህ መጋጠሚያውን በ400፣ ቀጥሎ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ደማቅ ቢጫ እስኪሆን ይፈግፍጉት። ከዚያ በኋላ በጣት አይንኩት፤ በድሬ ሙቀት ላብ ያለበት ጣት የጸዳውን መልሶ ያበላሸዋል፤ በወረንጦ ይያዙት። ቀጥሎ ለቧንቧ ወይም ለራዲያተር ብየዳ የሚሸጠውን ዚንክ ክሎራይድ ያለበት ፍላክስ (ሽፋኑን ገፎ ስታኞው እንዲይዝ የሚያደርግ ቅባት)፣ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን ፈሳሽ ፍላክስ በስቴኪኒ ጫፍ ነክተው ይቀቡ። መጋጠሚያው ከረጠበ በቂ ነው። ይህን ፍላክስ ሬዲዮ ሰሌዳ ላይ እንዳይጠቀሙበት፤ ቀስ እያለ ይበላዋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። 60/40 ስታኞ (60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ) ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል። ስታኞውን መበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጦ ናሱ ላይ መጣል ግን አይሠራም፤ ናሱ ራሱ ያን ያህል መጋል አለበት። የሬዲዮውን ሾጣጣ ጫፍ አውልቀው 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ጫፍ ይግጠሙ፤ ሹል ጫፍ ናሱን የሚነካው በነጥብ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ አያልፍም። ከስታኞው ሽቦ 1 ሚሊ ሜትር ያህል በምላጭ ቆርጠው መጋጠሚያው ላይ ያስቀምጡ። የመበየጃውን ጫፍ በጥቂት ስታኞ አርጥበው ሁለቱን ሽቦዎች በአንዴ እንዲነካ አድርገው ያስጠጉት።

ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ፍላክሱ ይንጨረጨራል፤ ቁራጯ መጀመሪያ ትድቦለቦላለች፤ ከዚያ ድንገት ትተኛና እንደ ብር እያበራች በመጋጠሚያው ስንጥቅ ውስጥ ትሮጣለች። ያኔ መበየጃውን ያንሱ። ጠቅላላው ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ነው። በጣም ከቆየ ፍላክሱ ተቃጥሎ ይጠቁራል፤ ከዚያ ወዲያ ደጋግሞ ማሞቅ ዋጋ የለውም፤ አጽድቶ እንደገና መጀመር ነው። መበየጃው ከተነሣ በኋላም የስታኞው ብርሃን ፈዘዝ እስኪል ሽቦውን አያንቀሳቅሱ፤ ከተነቃነቀ ውስጡ እንደ አሸዋ ይሆንና በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል።

ሥራውን በሞርሳ ይዘው ወይም ሴራሚክ ላይ አስቀምጠው ከሆነም ያንሱት፤ ብረቱና ሴራሚኩ ሙቀቱን ይጠጡታል። የዋንዛ ጣውላ ቁራጭ ላይ ይሥሩ። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም መበየጃውም ይደክማል፤ እንዲያውም ከመብራቱ በላይ። 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ 40 ዋቱ ወደ 27 ዋት ይወርዳል። ቀን የሠራው መበየጃ ማታ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው፤ 60 ዋት ቢገዙ ይገላገላሉ። ማራገቢያም እንዲሁ ናሱን ያቀዘቅዛል። በድሬ ሙቀት ማራገቢያ አጥፍቶ መቀመጥ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ማለዳ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሠሩ ያለ ማራገቢያ ይቻላል። ጭሱ እንዲወጣ ግን መስኮቱ ክፍት ይሁን።

ከጁገል፣ ሐረር

*የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሁለት ቁመት ሽቦና ሰባት አግዳሚ አለኝ። ስድስተኛውን አግዳሚ ስበይድ አምስተኛው ይነቀላል፤ እሱን ስመልስ ሌላው ይጣመማል። እግሮቹንማ ጨርሶ አልቻልኩም። እባካችሁ ምን ላድርግ?*

እህታችን፣ ናስ ሙቀት ያስተላልፋል፤ አንቺ ጋ የሚፈርሰው ቀጣዩ ሲበየድ ጎረቤቱም ስለሚቀልጥ ነው። መፍትሔው ከመበየድሽ በፊት በምታዘጋጂው ነገርና በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

መጀመሪያ የፖርቶ መጋላውን ሥዕል በልኩ ወረቀት ላይ ሥሪ፤ 50 በ42 ሚሊ ሜትር ለፔጆዋ ጣሪያ ይስማማል። ቁመት ሽቦዎቹ 1 ሚሊ፣ አግዳሚዎቹ 0.8 ሚሊ ይሁኑ። ከጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ በየ8 ሚሊ ሜትሩ ምልክት ብታደርጊ ሰባቱ አግዳሚዎች ልክ ይገባሉ። ወረቀቱን ጣውላ ላይ ለጥፊውና ሽቦዎቹን በስፒል ግራና ቀኝ አፍኚ። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን ቁመት ሽቦዎች ጎን ለጎን ይዘሽ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ሞረድ በየምልክቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያላት ጭረት አውጪ። አግዳሚው እዚያ ጭረት ውስጥ ሲቀመጥ ጎረቤቱ ቢሞቅ እንኳ ከቦታው አይንሸራተትም፤ ስታኞውም የሚሮጥበት ጠባብ ስንጥቅ ያገኛል። ስታኞ ሰፊ ክፍተት አይሞላም፤ የሚወደው ወረቀት የማያስገባ ጠባብ መጋጠሚያ ነው።

ስትበይጂ በተርታ አትሂጂ። ከአንደኛው አግዳሚ ግራ ጫፍ ወደ ሰባተኛው ቀኝ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ መሀል፣ እንዲህ እያራራቅሽ ሥሪ። የተበየደው ጎረቤት ላይ ውሃ ነክሮ የተጨመቀ ጥጥ አስቀምጪ፤ ሙቀቱን እሱ ይጠጣዋል። ጥጡ የምትበይጂውን መጋጠሚያ ራሱን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቂ።

ለእግሮቹ ሁለት ዓይነት ስታኞ ያስፈልግሻል። እርሳስ የሌለበት የቆርቆሮና የመዳብ ስታኞ በ227 ዲግሪ ይቀልጣል፤ 60/40ው ከ190 አያልፍም። ወለሉን ሁሉ በ227ቱ በይጂ፣ ስድስቱን እግሮች በ60/40። መሀላቸው ያለው ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ለሁለት ሰከንድ ንክኪ በቂ ነው። ስታኞ በምትቀይሪበት ጊዜ የመበየጃውን ጫፍ በእርጥብ ስፖንጅ በደንብ ጥረጊ። ሁለቱ ከተደባለቁ ማቅለጫው ስለሚወርድ ጥቅሙ ይጠፋል።

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

*ፍላክስ ሲጠፋ ኮካ ይሆናል ይባላል፤ ሎሚም ይባላል። እውነት ነው?*

ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለ፤ መጠኑ ግን ለብየዳ አይበቃም፤ ስኳሩ ደግሞ ተቃጥሎ ይጠቁራል። ሎሚ በጨው ናስ ያጸዳል እንጂ ፍላክስን አይተካም። ሲያጸዱም አያቆዩት፤ ናሱ ወደ ሮዝ ካዘነበለ አሲዱ ዚንኩን እየበላ መዳቡን ትቶ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ያንን ሮዝ ሽፋን ያንሱት። የባትሪ አሲድ የሚሞክሩም አሉ፤ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሲሞቅ ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል።

ከሸዋ በር አካባቢ፣ ሐረር

*ፖርቶ መጋላውን በይጄ ቀለም ቀባሁት፤ አማረልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በየመጋጠሚያው ቀለሙ አብጦ አረንጓዴ ነገር ወጣ። ለምን?*

ያልታጠበ ፍላክስ ነው። ዚንክ ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ናሱን መብላቱን ይቀጥላል። ቀለሙን በአሴቶን ያንሱና ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይፈግፍጉ። በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ ይድገሙት። ይህ ብየዳው ባለቀ በዚያው ቀን መደረግ ያለበት ነው፤ ለነገ ከተባለ አረንጓዴው ይጀምራል።

ለድሬዳዋ አንባቢዎች አንድ ነገር እንጨምር፤ የድሬ ውሃ ጠጣር ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ናሱም ላይ ይቀራል፤ ቀለም እዚያ ላይ አይዝም። የመጨረሻውን እጥበት ማደያ በሚሸጠው የባትሪ ውሃ ያድርጉት። ውሃውን ነው የምንለው፤ አሲዱን አይደለም፤ ጠርሙሱን አይተው ይግዙ። ከደረቀ በኋላ ፕራይመር ይቀድማል፤ ቀለም በቀጥታ ናስ ላይ ከተቀባ በጥፍር ይላጣል።

ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ

*ናስ ከየት ይገኛል? ታይዋን ገበያ ወርቅማ ሽቦ አገኘሁ፤ ናስ መሆኑን በምን ልወቅ?*

ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ከሳበው ወርቅማ ቀለም የተነከረ ብረት ነው። ካልሳበው በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡም ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ ነጭ ከሆነ ተቀብቶ የተሸጠ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ እሱ በተራ ስታኞ አይበየድም።

ለላሜራ ሥራ፣ ማለትም ለፓራውልትና ለታርጋ ማሰሪያ፣ የአሮጌ መኪና ራዲያተር ጥሩ ምንጭ ነው፤ የድሮዎቹ የላይና የታች ሳጥናቸው ናስ ነው። የአዲሶቹ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ስለሆነ አይጠቅምም። ራዲያተር ጠጋኞች ዘንድ ቁራጭ ይገኛል። እነሱ የሚጠቀሙበት የስታኞ ዘንግ ግን እርሳስ ይበዛበታል፤ ለመርጋት ይዘገያል፤ ትልቅ ስንጥቅ ለመድፈን እንጂ ለጥቃቅን ሥራ አይሆንም። አሮጌው ሳጥን ላይ የቀረውን ስታኞ በደረቁ አይፈግፍጉ፤ አሙቀው በጨርቅ ይጥረጉት፤ የእርሳስ አቧራ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

ቀጭን የናስ ሽቦ ከጠፋ ሞተር ጠምጣሚዎች ዘንድ 0.8 ሚሊ የመዳብ ሽቦ አለ። ላዩ ቫርኒሽ ስለሆነ እስኪያበራ ይፋቁት። ጠማማ ከሆነ አንድ ሜትር ያህሉን አንዱን ጫፍ በሞርሳ ይያዙ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዘው በቀጥታ ይሳቡ፤ በእጅዎ ሸርተት ሲል ይሰማዎታል፤ ያኔ ይልቀቁት። ቀጥ ብሎ ከበፊቱ የጠነከረ ሽቦ ያገኛሉ። መዳብ ከናስ ከሦስት እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል፤ 40 ዋት ይከብደዋል።

ከአራተኛ፣ ሐረር

*ጓደኞቼ ጋ በርጫ ላይ ተቀምጬ ነው የምበይደው። የእርሳሱ ጭስ ይጎዳል ይሉኛል፤ እውነት ነው?*

የሚታየው ጭስ በአብዛኛው የፍላክስ ነው፤ በዚህ ሙቀት እርሳስ አይተንም። ጭሱም ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ መስኮት ይከፈት። ትልቁ አደጋ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው። ስታኞ የያዘ ጣት ጫት ቀንጥሶ ወደ አፍ ሲወስድ እርሳሱም አብሮ ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አንተው ታውቀዋለህ። በርጫና ብየዳ አንድ ላይ አይሁኑ፤ ቡናም እንዲሁ። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ ሕፃናት በሚድሁበት ምንጣፍ ላይ ፈጽሞ አትበይድ።

ከአሸዋ፣ ድሬዳዋ

*ፖርቶ መጋላው አለቀ። ፕላስቲኩ ጣሪያ ላይ እግሮቹን ባሉበት ልበይዳቸው?*

አይሆንም፤ የሞዴሎቹ ፕላስቲክ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይለሰልሳል። ብየዳው ሁሉ ከመኪናዋ ውጭ ይለቅ። እግሮቹ 0.8 ሚሊ ከሆኑ ጣሪያው ላይ በ0.9 ሚሊ መሰርሰሪያ በእጅ እያዞሩ ይብሱ፤ በሞተር ከሆነ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። እግሮቹን 2 ሚሊ ሜትር አስገብተው ከጣሪያው ሥር ኢፖክሲ ያድርጉባቸው። ሱፐር ግሉ ከተጠቀሙ ትነቱ መስታወቷን ነጭ ያደርገዋል፤ መስታወቱ ከኢፖክሲው በኋላ ይገጠም።