ፖሊስ መምሪያ የምትሠራ ሰው መኪናዋን የት ታቁም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ ፖሊስ መምሪያ ሲቪል ሠራተኛ ሆነሽ ተመድበሻል። በረኞቹ መኪናሽን አናስገባም አሉሽ፣ አንቺም «ሠራተኛ ነኝ እኮ!» ብለሽ ተናደድሽ። እኔም ጎንደር ከመምጣቴ በፊት ሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ በሲቪልነት ሠርቻለሁ።

ነገሩን በግል አትያዢው። የሚፈሩት መኪናውን እንጂ አንቺን አይደለም። ሰው ቦርሳውን ከፍቶ፣ ተዳብሶ ያልፋል። መኪና ሲሆን ግን የፊትና የኋላ ኮፈን ይከፈታል፣ ቅያሪ ጎማው ይነሳል፣ በዘንግ የታሰረ መስታወት ከሥር ይገባል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ለሁሉም ሠራተኛ እንዲህ ይደረግ ቢባል ሰልፉ መንገዱን ይዘጋዋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ 168 ሰው የጨረሰው ፈንጂ ሕንፃው ፊት ለፊት በቆመ የኪራይ መኪና ውስጥ ነበር። እዚያው አሜሪካ፣ ዳላስ ላይም እ.ኤ.አ. በ2015 የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሲጠቃ ግቢው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ፈንጂ የያዘ ቦርሳ ተገኝቶ፣ ሮቦት ሊያነሳው ሲል ፈነዳ። ዋናው መከላከያ ርቀት ነው። ፒያሳ ደግሞ ርቀት ከየት ይመጣል? አብዛኛው በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው፣ ቤቱ ከአስፋልቱ ጋር ተጣብቋል። ስለዚህ ያላቸው አማራጭ መኪና መቀነስ ነው።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ ነገር እኔንም ያናድደኛል። እኔ የነበርኩበት ግቢ ግማሹ በኤግዚቢት፣ ማለትም ለማስረጃ በተያዘ ንብረት፣ የተሞላ ነበር። ጎማው የተነፈሰ ባጃጅ፣ መስታወቱ የረገፈ ሚኒባስ፣ ሣር የበቀለበት ሞተር ሳይክል። ከገባ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ውስጡ ምን እንዳለም የሚያውቅ የለም። ታርጋዋና ባለቤቷ ከሚታወቅ የሠራተኛ መኪና ይልቅ ያ ነው የሚያሰጋው! የናንተም ግቢ እንዲህ ከሆነ ኤግዚቢቱ ሌላ ቦታ ይነሳ ብላችሁ በጋራ ጠይቁ፣ ለብቻሽ ብትጠይቂ ማንም አይሰማሽም።

እስከዚያው ትንሽ ራቅ አድርገሽ፣ ካርኒ ከሚሰጡት የፓርኪንግ ልጆች ዘንድ አቁሚ፤ አጥር ሥር ግን በፍጹም፣ ታርጋሽ ተፈቶ ታገኚዋለሽ። ቦታ ቀያይሪ። አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙረሽ አቁሚ፣ ለመውጣት ይቀላል። የመሥሪያ ቤቱን ባጅ መስታወት ላይ አታንጠልጥዪ። አንድ ባልደረባችን እንደተንጠለጠለ ነበር የሚያሳድረው፣ ሰፈሩ በሙሉ የት እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። ለፖሊስ የሚሠራ ሰው ቂም የሚይዝበት አይጠፋም፣ ሲቪልም ብትሆኚ።

ጥር 10 እና 11 መኪናውን እርሺው፣ ቤት ይደር። ታቦት ወርዶ መንገዱ ከተዘጋ መውጫ የለሽም፣ በእግር ነው የሚያዋጣው።

የማታ ተረኛ ከሆንሽ ግን ዝም እንዳትዪ። ከ12 ሰዓት በኋላ ባለጉዳይ ስለማይኖር ቦታ ይለቀቃል፣ ለተረኛ ሴቶች መኪና እንዲገባ፣ ካልሆነም አንድ አባል እስከ መኪናሽ እንዲሸኝሽ በጽሑፍ አመልክቺ። በረኛው ጋር መጨቃጨቁ ጥቅም የለውም፣ እሱ የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ ማመልከቻውን ለአስተዳደር አስገብተሽ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺ።