ከዛፍ ጋር የታሰረው ካሜራ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ ስለሚያነሳው የካሜራ ወጥመድ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰው በሌለበት እንስሳ መምጣቱን በምን ያውቃል?

በሙቀት። ሴንሰሩ የሚነቃው ሙቀቱ ከአካባቢው የተለየ ነገር ሲንቀሳቀስ ነው። ቀትር ላይ ግን ፀሐይ ያጋለው ሣር በነፋስ ሲወዛወዝ ይሸወዳል። ሣሩን ሳያጭዱ የሄዱ ሰዎች ሲመለሱ ሚሞሪ ካርዱ በሣር ፎቶ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ነብር አሥር ጊዜ ቢነሳ አሥር ነብር ተብሎ አይቆጠርም?

ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባል የለ? ቆጠራው የቆመው በዚሁ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ነብር ነጠብጣብ እንደ ሰው አሻራ የራሱ ብቻ ነው። ታይገርም በሰውነቱ መስመሮች ይለያል።

ግን የግራና የቀኝ ጎኑ አይመሳሰሉም። አንዱን ጎን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ያነሳ ሰው አንዱን ነብር ሁለት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ ይታሰራል።

ህንድ በ2018 ታይገሮቿን ስትቆጥር በ26,838 ቦታዎች ካሜራ አስራለች። ወደ 35 ሚሊዮን ከሚጠጋው ፎቶ ታይገር የታየበት 76,651 ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 2,461 ታይገሮች አንድ በአንድ ተለዩ። ከጀርባው ያለውን የሰው ድካም አስቡት!

ወንድሜ፣ ካሜራዬ 3 ሳምንት ታስሮ ምንም አልያዘም። ልፍታው?

አይፍቱት። መጀመሪያ ከፍታውን ይዩ። ብዙ ሰው በደረቱ ልክ ያስረውና ሚዳቋዋ ከሥር ሹልክ ብላ ታልፋለች። ጉልበት አካባቢ ይበቃል። ራስዎ እየዳሁ ፊቱ ይለፉ፤ እርስዎን ካላነሳ እሷንም አያነሳም። የታሰረበትን ቀንም ይመዝግቡ፤ ባዶ ያለፈ 21 ቀንም መረጃ ነው። ከ1999 በኋላ በዱር ፎቶ ያልተገኘለት ሳኦላ የተባለ ብርቅዬ ቀንዳም የዱር እንስሳ በ2013 ቬትናም ውስጥ ብቅ ያለው በእንዲህ ያለ ካሜራ ፊት ነው።

ብርቅዬ እንስሳ አነሳሁ። ከነቦታው ልለጥፈው?

እባክዎ ቦታውን አይጻፉ። አዳኝም ስልክ አለው። ፎቶውን ከነቦታው ለአካባቢው ጥበቃ ሠራተኞች ብቻ ይስጡ። እንጨት ለቅማ የምትመለስ ሴት ተነስታ ካገኙም ያጥፉላት፤ ፎቶ እንድትነሳ ፈቃዷን የጠየቃት የለም።