ብራንድ ልቀይር ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤ ሳስበው አደርኩ። ለ9 ዓመት የአንድ ብራንድ ላፕቶፕ ብቻ ስትይዢ ኖረሽ፣ አሁን የሁለተኛው ማጠፊያ ተነቅሎ ስክሪኑን በመጽሐፍ አስደግፈሽ ትሠሪያለሽ። «እምነቴ አልቋል፤ ወደ አፕል ማክ ልሻገር ወይስ ሌላ ዊንዶውስ ልግዛ?» ነው ያልሽው። ግማሹ ሰው «ማክ ግዢና ተገላገይ» ብሎሻል። ግማሹ ደግሞ «ማክ የሀብታም ነው» ብሎሻል። እኔ ሁለቱንም መንገድ ሄጄባቸዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ለትናንሽ ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ። የመጀመሪያውን ላፕቶፕ የገዛሁት በ2004 ዓ.ም. እቁብ ወጥቶልኝ ነው። የብራንዱን ስም አልጠራም። ያ ላፕቶፕ ከሚኒባስ ስወርድ ከእጄ አምልጦ አስፋልት ላይ ወድቋል። ሻይ ተደፍቶበታል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ሁለት ቻርጀር ተቃጥሏል፣ እሱ ግን ምንም አልሆነም። 5 ዓመት አገለገለኝ። ከዚያ ወዲህ «ምን ዓይነት ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ሆነ። እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ እከራከር ነበር። ቢሮ ውስጥ የሌላ ብራንድ ላፕቶፕ ሲበላሽ ውስጤ ደስ ይለው ነበር፤ ይሄንን ስጽፍ አሁን ራሴን አፈርኩ።

ሁለተኛውን በ2009፣ ሦስተኛውን በ2013 ገዛሁ። ሁለተኛው ደህና ነበር። ሦስተኛው ከነካርቶኑ፣ አዲስ፣ ቀጭን፣ የሚያምር ዕቃ ነው። ገና በ8 ወሩ ስከፍተው መንጫጫት ጀመረ። ወደ ሸጠልኝ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ ገለባብጦ አየና «ይሄ የአያያዝ ችግር ነው፣ ጋራንቲ አይሸፍነውም» አለኝ። ይዤው ተመለስኩ። ከዚያ ጥቅምት 2015 ላይ፣ የዓመቱ ሂሳብ ተዘግቶ ለገቢዎች ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ጠዋት ስከፍተው ቀጭ አለ። የስክሪኑ አንድ ጎን ከነፕላስቲኩ ተገነጠለ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያስቀየመኝ ስብራቱ አይደለም። ዕቃ ይሰበራል። ያስቀየመኝ ያ «የአያያዝ ችግር» የሚለው ቃል ነው። 11 ዓመት ያለ ክፍያ ጠበቃ ሆኜ ቆሜለት፣ አንድ ቀን ስፈልገው ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ። ያንቺም ንዴት ከዚህ የሚርቅ አልመሰለኝም።

የሚጠግንልኝ ልጅ መገናኛ ነው ያለው። ፈትቶ አሳየኝ። ማጠፊያው ብረት ነው፣ ብረቱ ምንም አልሆነም። ብረቱን የሚይዙት ብሎኖች ግን የገቡት ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ ጥቃቅን የናስ ቀለበቶች ውስጥ ነው። ማጠፊያው አቧራ ሲጠጣና ሲጠብቅ፣ በከፈትሽው ቁጥር ጉልበቱ ያረፈው በፕላስቲኩ ላይ ነው። ቀስ በቀስ ይሰነጠቅና አንድ ቀን ቀለበቶቹ ተነቅለው ይወጣሉ። አንድ ጥግ ይዞ መክፈት ደግሞ ያፋጥነዋል። እንግዲህ አያያዝም ድርሻ አለው፤ ሻጩ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ግን በቀን አራት ጊዜ ሊከፈትና ሊዘጋ የተሠራ ዕቃ በመከፈትና በመዘጋት ከተሰበረ፣ አያያዝ ብቻ ነው ማለት ይከብዳል።

ከዚያ ልጁ መደርደሪያው ላይ ካሉት አንዱን አንስቶ አሳየኝ። የዚያው የእኔው ብራንድ ነው! እንደውም ከእኔው የቆየ። ማጠፊያው የታሰረው በብረት አካል ላይ ነው። «ይሄ ለመሥሪያ ቤት የተሠራ ነው፣ ያንተ ለቤት ነው» አለኝ። ለካ አንድ ስም የተለጠፈበት ሁሉ አንድ ዕቃ አይደለም። ኤችፒ ፓቪሊዮንም ኤሊትቡክም ሲሠራ ኖሯል። ዴል እ.ኤ.አ. በ2025 ስሞቹን እስኪቀይር ድረስ ኢንስፓይሮንም ላቲቲዩድም ነበረው። ሌኖቮ አይዲያፓድም ቲንክፓድም አለው። የመጀመሪያዎቹ ለቤት ገዢ ዋጋቸው እንዲቀንስ ታስበው የሚሠሩ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ለትልልቅ ድርጅቶች በብዛት የሚሸጡ፣ ለመፈታትና ለመጠገን የሚመቹ ናቸው። የእኔ የ2004ቱ ላፕቶፕ ለካ ከሁለተኛው ወገን ነበር። እኔ የዚያን ላፕቶፕ ጥንካሬ ለስሙ ሰጥቼው፣ በስሙ ሌላ ዕቃ ስገዛ ኖሬያለሁ።

ስም ራሱ ደግሞ ይሸጣል። አጎቴ ከቶሺባ ሌላ የማያውቅ ሰው ነው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮምፒውተር ሥራውን አብዛኛውን ድርሻ ለሻርፕ ሸጠ፤ የቀረውን በ2020 አስረክቦ ጨርሶ ወጣ። ዛሬ ዳይናቡክ ይባላል። አጎቴ ይሄን ስነግረው እኔን ነው የተቆጣኝ። ኮምፓክ እ.ኤ.አ. በ2002 በኤችፒ ተጠቀለለ። ቲንክፓድን የፈጠረው አይቢኤም ነው፣ በ2005 ግን የኮምፒውተር ክፍሉን ለሌኖቮ አስረከበ። ይባስ ብሎ፣ ብዙዎቹን ላፕቶፖች ገጣጥመው የሚሠሩት እንደ ኳንታና ኮምፓል ያሉ የታይዋን ድርጅቶች ናቸው፤ ለአንዱም ለሌላውም ይሠራሉ። እኛ እዚህ የምንጣላባቸው ሁለት ብራንዶች ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው ሊሆን ይችላል።

ይሄን ሁሉ ግን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ ተናድጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ማክቡክ ኤር ኤም1 (አፕል ራሱ የሠራው ፕሮሰሰር ያለበትን) እንዲያመጣልኝ ላክሁ።

ስለ እሱ ክፉ አልናገርም። ባትሪው ጉድ ነው። ጠዋት ከቤት ይዤው ወጥቼ፣ መብራት ጠፍቶ ውሎ፣ ማታ ገና ይሠራል። ማራገቢያ የለውም፣ ድምፅ የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት ለሰው ሁሉ አሳየሁ። አየሽ፣ ያ የድሮ ጠባዬ፣ ጠበቃነቱ፣ ሊመለስ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ የፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ መያዣው ፕሮግራም) ባክአፕ በፍላሽ ይዞ መጣ። ፒችትሪ ማክ ላይ አይጫንም። ይሄን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። «ዊንዶውስ እላዩ ላይ ይጫናል» ሲሉ ሰምቼ ተማምኜ ነው። በድሮዎቹ የኢንቴል ማኮች ቡት ካምፕ በሚባለው ዊንዶውስ ጎን ለጎን ይጫን ነበር። ከኤም1 ጀምሮ ግን ቡት ካምፕ የለም። ፓራለልስ በሚባል ፕሮግራም፣ ኤአርኤም ለሚባለው የኤም1 ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራውን ዊንዶውስ ማስኬድ ይቻላል፤ ግን ይከፈልበታል። ደግሞም የቆየው ፒችትሪ እዚያ ላይ በደንብ ይሠራል ብሎ ደፍሮ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። በሰው ሂሳብ ደግሞ አይሞከርም።

ሌላው የአማርኛ ፋይል ነው። አዳዲሶቹ ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የጋራ የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ የተጻፉ ስለሆኑ የትም ቢከፈቱ ይነበባሉ። ከ2000 ዓ.ም. በፊት በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፉት ግን ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆነው ይመጣሉ። አንድ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ከፍቼ የስድብ መዓት የሚመስል ነገር ነው ያየሁት።

ምን አደረግሁ? ያንን የተገነጠለ ላፕቶፕ ከድሮ ሞኒተር ጋር አገናኝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ፒችትሪ በእሱ፣ ሌላው በማኩ። ደንበኛ ቤት ስሄድ ግን ሞኒተር አላዝል። 8 ወር እንዲህ ተንገላታሁ። መጨረሻ ላይ ማኩን ለታናሽ እህቴ በጥሩ ዋጋ ሰጠኋት። እሷ ዲዛይን ትሠራለች። እስከ ዛሬ ትመርቀኛለች።

ለራሴ በ2016፣ ብሩ ሐምሌ ላይ ከመውረዱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ዩዝድ ቲንክፓድ ቲ480 ገዛሁ። ቀኑ ቀንቶኝ ነው። ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ መቶን ሲያልፍ የላፕቶፕ ዋጋ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ቲ480 እ.ኤ.አ. የ2018 ሞዴል ነው፤ መልኩ የታክሲ ጎማ ይመስላል። ግን ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከታች ይወልቃል። መብራት ሲጠፋ፣ ሳላጠፋው የደከመውን አውጥቼ የሞላውን እተካለሁ። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) የታችኛው ክዳን ብሎኖች ተፈትተው በደቂቃዎች ውስጥ ይጨመራል። በታይፕ ሲ ቻርጅ ያደርጋል።

መሸጋገሩ ግን በነፃ አልነበረም። ቲንክፓዱ ኪቦርድ ላይ፣ የግራው ጥግ ኮንትሮል ሳይሆን ኤፍኤን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮፒ አደረግሁ ብዬ ባዶ ስለጥፍ ነበር። በኋላ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ገብቶ ሁለቱን ማለዋወጥ እንደሚቻል ያ የመገናኛው ልጅ ነገረኝ። የድሮ ሁለት ቻርጀሮቼም አልገጠሙም፤ አሁንም ኮመዲኖ ውስጥ ናቸው።

አሁን ወዳንቺ እንምጣ። ሥራሽ ትርጉምና ሪፖርት ነው ብለሻል። ወርድ፣ ዙም፣ ኢሜይል። እንደኔ የፒችትሪ ባሪያ አይደለሽም። ስለዚህ «ማክ አይሆንሽም» አልልም። እንደውም ለመብራቱ ብቻ ብዬ ልመክርሽ ይቃጣኛል። የሚያሰጋኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የአማርኛ አጻጻፍሽ ነው፤ ጣትሽ ፓወር ግዕዝ ከለመደ፣ እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ ከዜሮ ልትለምጂ ነው። ሁለተኛው ራሙ ነው፤ ኤም1 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ላይ ኋላ ልጨምር ብትዪ አይጨመርም። የገዛሽውን ይዘሽ መኖር ነው። ኢንቴል ያለውን ማክ ግን ዋጋው ቢረክስም አትንኪው፤ አፕል ማክኦኤስ 26 ለእነሱ የመጨረሻው መሆኑን በይፋ ተናግሯል። ዩዝድ ማክ ካገኘሽ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት አክቲቬሽን ሎኩን (ማኩን ከእሱ የአፕል አካውንት ጋር ያሰረውን ቁልፍ) ማንሳቱን ፊትሽ አስከፍተሽ እዪ። ሳይነሳ ከገዛሽ የሚያምር ትሪ ነው የገዛሽው።

ዊንዶውስ ከሆነ የምትገዢው፣ ከስሙ በፊት የፕሮሰሰሩን ጀነሬሽን (ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ) ጠይቂ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ነው። ገበያው ግን አሁንም በ6ኛና በ7ኛ የተሞላ ነው፤ «ኮር አይ ሰቨን ነው» ብለው ያደምቁልሻል። 8ኛ ጀነሬሽን አይ ፋይቭ ይሻልሻል። ከውጭ ድርጅት የተጣሉ ላፕቶፖች ላይ አንዳንዴ ባዮሱ በፓስወርድ የተቆለፈ ይገኛል፤ ሳትከፍዪ ባዮስ ገብተሽ ሞክሪ። ባትሪውንም በሻጩ ቃል አትመኚ። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን ጎን ለጎን ያሳይሻል።

የድሮ ብራንድሽ ጋር መቆየትም ነውር አይደለም። የመሥሪያ ቤቱን ሞዴል ከገዛሽ ምናልባት ቻርጀርሽም ይገጥማል፣ ኪቦርዱንም ጣትሽ ያውቀዋል። እኔ አልተመለስኩም። ምክንያቴ ግን ቴክኒክ አይደለም፣ ኩርፊያ ነው። ያ ያንቺ ኩርፊያ ስላልሆነ አልጭንብሽም።

ያንን የተነቀለውን ደግሞ አትጣዪው፣ በሱፐር ግሉም አታስለጥፊው፤ ሁለተኛ ሲነቀል የስክሪኑን ኬብል ይዞት ይሄዳል። የእኔ እንደዚያ ሆኗል። አሁኑኑ ፋይልሽን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ከዚያ ክፍት አድርገሽ አንድ ቦታ አስቀምጪው። በኤችዲኤምአይ ከቲቪ ጋር ካገናኘሽው፣ አዲሱን እስክታገኚ ይሠራል።

እስከዚያ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ የድሮ የትርጉም ፋይሎችሽ በየትኛው ፊደል ነው የተጻፉት? ሦስት አራቱን ክፈቺና የፎንቱን ስም እዚህ ጻፊልኝ። ማክ ይሁን አይሁን የምልሽ እሱን ካየሁ በኋላ ነው።