ቁጥሩ እኩል ሳይመጣ ሲቀር

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ የምታጠኑ፣ የላብራቶሪ ሪፖርታችሁን ሳነብ የሚያሳስበኝ ስህተቱ ሳይሆን ንጽህናው ነው። ሁሉም ቁጥር ልክ መጽሐፉ እንዳለው ይወጣል። ያልገጠመችው አንዷ ናሙና የት ሄደች? "ቀለሙ አልያዘም" ተብላ ተሰርዛለች።

እ.ኤ.አ. በ1905 ኔቲ ስቲቨንስ የተባሉ አሜሪካዊት የዱቄት ትል የሚባለውን ጥንዚዛ ክሮሞዞሞች (በህዋስ ውስጥ ዘረመል የሚሸከሙትን ክሮች) በማይክሮስኮፕ ይቆጥሩ ነበር። የእንስቷ 20፣ ሁሉም ትልልቅ። የወንዱም 20፣ ግን አንዱ ከሌሎቹ ጎን ሲታይ ቁራጭ ነው። ያንን ቁራጭ አይተው አላለፉም። ከወንዱ ዘር ግማሹ 10 ትልልቅ፣ ግማሹ 9 ትልልቅና አንድ ትንሽ ይዞ እንደሚወጣ ተከታትለው፣ ጾታን የሚለየው ይኸው ሳይሆን አይቀርም አሉ። ያ ቁራጭ ዛሬ ዋይ (Y) ክሮሞዞም የምንለው ነው፤ ትልቁ ጥንዱ ኤክስ (X) ይባላል። (ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በ35 ዓመታቸው ነው፤ ገና በሃያዎቹ ሆኖ "ረፈደብኝ" ለሚለኝ ነው የምነግረው።)

ዋይ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል ሲባልም ትሰማላችሁ። በእርግጥ በሌሊት ከሚያበሩት ጥንዚዛዎች ብዙዎቹ ወንዶች ዋይ የላቸውም፣ አንድ ኤክስ ብቻ ነው ያላቸው። እነሱም ባሉበት፣ አብዛኞቹን ጥንዚዛዎች በሚይዘው ፖሊፋጋ በሚባለው ወገን ግን በብዙዎቹ ዘንድ ዋይ አለ፣ እጅግ ትንሽ ነው እንጂ፤ ህዋሱ ሲከፈል ከኤክሱ ሥር እንደ ፓራሹት ጭነት ተንጠልጥሎ ይታያል። ያየው ሁሉ "ይኼማ ነገ የለም" ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሂዝ ብላክመንና ጄፍሪ ዴሙዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የ4724 የጥንዚዛ ዝርያዎችን መረጃ ሰብስበው ሲያዩት ይህ ትንሹ ዋይ የሚጠፋው ከስንት አንዴ ነው። እንዳልጠበቁት ራሳቸው ጽፈዋል። የሰጡት ማብራሪያ፦ ኤክስና ዋይ በትክክል ለመለያየት መጀመሪያ መቆላለፍ ግድ በሚላቸው ዝርያዎች፣ የሚቆላለፉባት ቦታ በጠበበች ቁጥር አንዳንዴ ሳይያያዙ ይቀሩና ዋይ መንገድ ላይ ይጠፋል። እንደ ፓራሹት ጭነት የተንጠለጠለው ዋይ ግን መቆላለፍ አያሻውም፤ ስለዚህ በቀላሉ አይጠፋም።

ከሁሉ የምወደው ግን የሽምብራችንን ነቀዝ ታሪክ ነው፤ ያ ነጭ ነጥብ የመሰለ እንቁላሉን ፍሬው ላይ የሚለጥፈውን። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሰውነቱ ውስጥ ዎልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ ሦስት ዓይነት አገኙ። አንቲባዮቲክ ሲሰጡት ሁለቱ ጠፉ፤ ሦስተኛው በአምስት ትውልድ ሕክምና እንኳ ንቅንቅ አላለም። "መድኃኒቱ ደከመ" ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። እነሱ ግን ከአባት ወደ ማን፣ ከእናት ወደ ማን እንደሚተላለፍ አጣሩ። አተላለፉ ልክ አባት ለሴት ልጆቹ እንጂ ለወንዶቹ እንደማይሰጠው እንደ ኤክስ ክሮሞዞም ሆነ! ለካ ሦስተኛው በሕይወት ያለ ባክቴሪያ አይደለም፤ የባክቴሪያው ዘረመል ቁራጭ የነቀዙ ኤክስ ላይ ገብቶ ተቀምጧል። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ከምንጃር የመጣችሁ፣ ለፋሲካ ቤት ስትሄዱ ነቀዝ የገባበት ሽምብራ በጠርሙስ ይዛችሁ ኑ። የቆጠራችሁትንም በእስክሪብቶ ጻፉልኝ፤ በእርሳስ አይሁን።